ባለ ቢጫ መሐረቡ

ባለፈው እሑድ ጠዋት ካልጋሪ፣ ዶቨር ሰፈር ውስጥ የእኛ መንገድ በረዶው ሳይጠረግ አረፈደ። ፊት ለፊት ያለው ፊሊፒናዊ ጎረቤታችን መኪናውን ሊያሞቅ ወጣና የእግረኛውን መንገድ አይቶ፣ "ሽማግሌው አሟቸዋል እንዴ?" አለኝ በእንግሊዝኛ። ሐሙስ ዕለት ልባቸው ቀጥ ብሎ እንደሞቱ ስነግረው ኮፍያውን አወለቀ። በዚያ ብርድ ኮፍያ ማውለቅ ቀላል ክብር አይደለም።

የሞቱት ጋሽ ታምራት ናቸው። ከከተማው የአውቶቡስ ጋራዥ ጡረታ የወጡ፣ አጠር ብለው ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ የሚስቅ ሰው ነበሩ። ለፈረንጅ ጎረቤቶቻችን በየእሑዱ የሰፈሩን በረዶ የሚጠርጉ ደግ አዛውንት ናቸው። ለብዙው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ደግሞ "ያ ግትሩ ታምራት" ናቸው። ሁለቱንም አልክድም፤ ደግም ነበሩ፣ ግትርም ነበሩ። እኔ ዛሬ ቀና ብዬ የምሄደው ግን በግትርነታቸው ነው።

እንደ ሌላው ሐበሻ የእንግሊዝን ኳስ አይከታተሉም። የእሳቸው ፍቅር የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ያ እንቁላል የመሰለው ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት። ካልጋሪ በገቡ በመጀመሪያው የበረዶ ወቅት የጋራዡ ሰዎች ቤታቸው ጠርተው አሳይተዋቸው ነው የለከፋቸው። "ምንም አልገባኝም ነበር" ይሉናል። "ያ ሁሉ ሰው ተደራርቦ ይወድቃል፣ ከዚያ ዳኛው ሰንሰለት አስይዞ መጥቶ መሬት ያስለካል። ወይ ጉድ፣ ይሄማ የድንበር ክርክር ነው! አልኩ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በድንበር ክርክር ነው። ወዲያው ወደድኩት።"

የካናዳውን ፉትቦል ግን በዓይናቸው አያዩትም። ከተማችን የራሷ ቡድን እያላት ለምን እንደሚንቁት ሲጠየቁ ጣታቸውን ያወጣሉ። "እዚህ ኳሱን ለማራመድ ሦስት ሙከራ ነው የሚሰጥህ። እዚያ አሜሪካ አራት። እኔ አራተኛዋን የምወድ ሰው ነኝ። ሰው ሦስቴ ወድቆ በአራተኛው ይነሣል።"

ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቢጫ መሐረብ አለ። ፉትቦል ላይ ጥፋት ሲሠራ ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ሜዳው ላይ ይወረውራል፤ ጋሽ ታምራትም ሰው ሲታማ መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ አንዳንዴም ወጡ ላይ ይወረውሩታል። "ፍላግ! የሌለ ሰው ተመትቷል!" ይላሉ። አንድ ጊዜ የማኅበር ጠበል ጸዲቅ ላይ ወርውረውት ክርስትና እናቴ ጭን ላይ አረፈ። እሷም እስከ ፋሲካ አኮረፈቻቸው።

ተጫዋቾቹን በስማቸው አይጠሩም። ኳስ አቀባዩ ከመወርወሩ በፊት ወደ ሰማይ ስለሚያይ "ቄሱ" ነው። ጎል ባገባ ቁጥር የሚጨፍረው "ሙሽራው"። በእግሩ የሚመታው ቀጭን ልጅ "ምስኪኑ"። ምስኪኑ ሲስት ቤቱ በስድብ ሲሞላ እሳቸው ብቻ ይቆሙለታል፤ "ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ አስቀምጠኸው፣ ሰዓቱ ሊያልቅብህ ሲል ተነሥና አድነኝ ትለዋለህ። አንተ ከእንቅልፍህ ስትቀሰቀስ በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባለህ?" ይላሉ።

አስተያየት አያልቅባቸውም። አንዱ ተጫዋች በብሔራዊ መዝሙር ሰዓት ተንበረከከ ተብሎ አሜሪካ ሲታመስ፣ እኛም ዘንድ ለሁለት ተከፍለን ስንከራከር፣ እሳቸው ግራ ገባቸው። "እኛ ለእግዜር እንንበረከካለን፣ ለታላቅ እንንበረከካለን። ተንበርክኮ የተሳደበ ሰው እስካሁን አላየሁም" አሉ። ኳስ አስተንፍሶ ተጫወተ ስለተባለው ደግሞ፣ "ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚከት ነጋዴ ነው፤ ይቀጣ እንጂ አይሰቀል" ብለው ፈረዱ። ሌላው ለብር ብሎ ቡድኑን ከዳ ሲባል ወደ ተናጋሪው ዞረው፣ "አንተ ካልጋሪ የመጣኸው ለአየሩ ነው?" አሉት። እንዲህ ነበሩ። ፍርዳቸው ሁሌ ወደ ምሕረት ያደላል፤ አራተኛዋን ዕድል ሳይሰጡ የሚለቁት ሰው የለም።

ጨዋታው በእኛ ሰዓት ገና ቅዳሴ ሳያልቅ ይጀምራል። እሳቸው ደግሞ ቅዳሴ አቋርጠው አይወጡም። ስለዚህ ቡድናቸው የከሰዓቱ ተረኛ እንዲሆን ይሳላሉ፤ ስለቱ ለየትኛው ታቦት እንደሆነ ግን አይናገሩም። ከዚያ ቤዝመንታቸው፣ ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል፣ ይሞላል። ከሁሉም ቀድሞ የሚገኘው የእኔ ባል ዳንኤል ነበር። ልጅ ስላልነበራቸው "ልጄ" ይሉታል፤ ከጎናቸው ያለው ወንበር የእሱ ነው። እኔም ሳምቡሳ እያደረስኩ ቆሜ ሳይ፣ ሳላስበው ጨዋታው ገባኝ።

ከሁሉም በላይ የሚወዱት ሯጩን ነበር፤ "ዶፍ" ነው ስሙ። "ከመጣ መጠለያ የለም" ይሉታል። ማልያውን ገዝተው እሑድ እሑድ ከነጠላቸው ሥር ለብሰውት ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት። አንድ መስከረም ላይ ዶፍ ሚስቱን በፀጉሯ ሲጎትታት የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ሊጉ ለተወሰኑ ጨዋታዎች ከሜዳ አግዶ ስስፔንድ አደረገው፤ እሱም ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ። ያን እሑድ ቤዝመንቱ በክርክር ጦፈ።

"ቤቱ ውስጥ ያደረገው የቤቱ ነው" አለ ዳንኤል። "እኛ የምናየው ሜዳውን ነው። ሜዳ ላይ ምን አጠፋ?"

"የለም፣ አጥፍቷል" አሉ ጋሽ ታምራት። "ግን ቀጡት አይደል? ይቅርታም ጠየቀ። ሚስቱም ከጎኑ ቆማለች። አራተኛዋን እንስጠው እንጂ ጎበዝ!"

ሁሉም ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔ ደረጃው ላይ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩት። ዳንኤል እጁን ማንሣት ከጀመረ ከርሞ ነበር፣ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። እኚህ ሰው ለማያውቁት ተጫዋች ይህን ያህል ከራሩ፣ ልጄ ለሚሉት ለዳንኤል ምን ሊሉ ነው? ብዬ አሰብኩ። ለማንም ላለመናገር የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ዶፍ ቅጣቱን ጨርሶ ሜዳ በተመለሰበት እሑድ ግን ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደማ። ሁለቱን ልጆቼን ኮት አልብሼ ስወጣ የት እንደምሄድ አላሰብኩም፤ እግሬ የወሰደኝ ጋሽ ታምራት ደጅ ነው። ያን ቀን ጉንፋን ይዟቸው ቤት ውለዋል። ማልያውን እንደለበሱ በሩን ከፈቱ። ከኋላቸው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ የዶፍን ስም ይጠራል፤ እንኳን ደህና መጣህ ይለዋል።

አዩኝ። ልጆቹን ላይኛው ክፍል አስገብተው ብስኩት ሰጧቸው፣ ተመልሰው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ከፍሪዘር አተር አውጥተው በፎጣ ጠቅልለው ከንፈሬ ላይ አደረጉልኝ። ከዚያ ማልያውን አወለቁና በካናቴራ ቁጭ አሉ።

"ባለፈው ስለ ዶፍ ያልኩትን ሰምተሻል፣ አይደል?"

"ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።"

"ለዚህ ነው ያልነገርሽኝ?"

ፎጣውን ፊቴ ላይ ጫን አድርጌ ዓይኔን ሰበርኩ። እሳቸውም መልሱን ከዚያ አገኙት። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ እኔ ራሴን ትቼ እሳቸውን ማባበል ጀመርኩ። እንባቸውን በቢጫው መሐረብ ጠረጉና፣ "ፖሊስ ልጥራልሽ?" አሉኝ።

"አይሆንም ጋሼ፣ የልጆቼ አባት ነው። ሰውስ ምን ይለኛል?"

"እንግዲያው ባስፈለገሽ ቀን የምደውለው እኔ ነኝ። ነውር ነው ለሚለው፣ ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ።"

ዳንኤል ግን ቀድሞኝ ለአቶ በላይነህ ደውሎ ኖሯል። አቶ በላይነህ ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር ሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ ጥል ሲኖር ሁሉም የሚሄድባቸው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። በሳምንቱ ቤታቸው ተጠራን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ እሳቸው፣ አንድ ዝምተኛ ዲያቆን፣ እና ጋሽ ታምራት። ጋሽ ታምራትን የመረጠው ዳንኤል ነው። ይራሩልኛል ብሎ ነው።

አቶ በላይነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። "እንግዲህ ልጆቼ፣ ዕቃና ዕቃም ይጋጫል። ትዳር ማለት መቻቻል ነው። ለመሆኑ ሂሩት፣ አንቺስ ምን ብለሽው ነው?"

ቢጫው መሐረብ ምንጣፉ መሐል አረፈ።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ አቶ በላይነህ።

"ፍላግ ነው።"

"ታምራት፣ እዚህ ጨዋታ የለም!"

"አዎ፣ የለም። ለዚህ ነው የወረወርኩት።"

ዳንኤል ነገሩ እንዳላማረ ሲያይ ከሶፋው ወርዶ ወደ ጉልበቴ መጣ። አጥፊው ጉልበት ሲስም ተበዳይ "ይቅር" ብሎ ያነሣዋል፤ እምቢ ያለ እንደ ድንጋይ ይታያል። ሁሉም ይህን ያውቃል። እኔም እጄን ልዘረጋ ነበር።

"ተነሣ ዳንኤል" አሉ ጋሽ ታምራት። "ዛሬ ጉልበት አይሳምም።"

"ምን ማለትህ ነው?" አቶ በላይነህ ብድግ አሉ።

"ቁጭ በል በላይነህ፣ ልንገርህ። እኔና አልማዝን ያስታረቅኸን አንተ ነህ። ረሳኸው?" አቶ በላይነህ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ታምራት ወደ እኔ ዞሩ። "ሚስት ነበረችኝ፣ ሂሩትዬ። መታኋት። እነ በላይነህ አመሻሽ ላይ መጡ፣ ጉልበቷን ሳምኩ፣ አነሣችኝ፣ እልል ተባለ፣ እራት በልታችሁ ወጣችሁ። ቅጣቴ እናንተን እራት ማብላት ነበር፤ ወጡንም የሠራችው እሷ ናት! እንዲህ ከቀለለ ለምን አልደግመው? ደገምኩት። ደግሞም አስታረቃችሁን። በሦስተኛው ሻንጣዋን ይዛ ኤድመንተን ከተማ ገባች። ሰው ሲጠይቀኝ 'የተሻለ ሥራ አግኝታ ነው' እላለሁ። ይኸው እስከዛሬ።"

ዲያቆኑ አንገታቸውን ደፉ። የረጋው ሐይቅ ላይ ልጆች በበረዶ ጫማ ሲንሸራተቱ ድምፃቸው ይሰማል።

"ሊጉ እንኳ ዶፍን ስስፔንድ አድርጎታል" አሉ ጋሽ ታምራት። "ሊጉ ነጋዴ ነው፤ እኛ ክርስቲያን ነን። ከነጋዴ እናንስ? ዳንኤል አንድ ሙሉ ሲዝን ከቤቱ ይውጣ። ካውንስሊንግ ይግባ፣ ባለሙያ ይምከረው። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እየነዳሁ አመጣለታለሁ። ሲያልቅ የምትወስነው እሷ ናት። እኛ አይደለንም።"

"እምቢ ብትልስ?" አሉ አቶ በላይነህ።

"እምቢ ትላለቻ!"

ዳንኤል ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ቤዝመንት ተከራየ። መጀመሪያ በንዴት ነው የወጣው፣ በኋላ ግን ካውንስሊንጉን ጨረሰ፤ ይህንን አልክድበትም። ጋሽ ታምራት በቃላቸው ልጆቹን ሲያመላልሱ ከረሙ። የሲዝኑ መጨረሻ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ፣ አቶ በላይነህ ድግስ እንዲዘጋጅ አዘዙ። ከቀኑ በፊት ጋሽ ታምራት ደጄ መጥተው፣ ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉና ደረጃው ላይ ቆመው፣ "ኮሚሽነሯ፣ ፈራጇ አንቺ ነሽ። ምን ልበላቸው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ተለውጧል። ግን የመኪናውን ድምፅ ስሰማ አሁንም እጅጌዬን ወደ ታች እስባለሁ።"

"ይሄ መልስ ነው?"

"አዎ። አልመለስም።"

"ደግ" አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ዳንኤልን እንደ ልጃቸው ይወዱታልና የእሳቸውም ቤት አብሮ የፈረሰ ያህል ነው። ግን "እስኪ እንደገና አስቢበት" አላሉኝም። አንዲት ጊዜ እንኳ! እናቴ በስልክ ብላኛለች፣ ንስሐ አባቴ ብለውኛል፣ እሳቸው አላሉኝም። በዚህ ውለታቸው አልቅሼ አልጠግብም።

አቶ በላይነህ "ትዳር አፍራሽ" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሽምግልና የሚጠራቸው ጠፋ። ለእሳቸው ይህ ቀላል አልነበረም፤ ለጋብቻ ልጅ ለመጠየቅ በሽማግሌነት መላክ፣ ከሱፋቸው ላይ ነጭ ኩታ ደርበው ደጅ ላይ ቆሞ መግደርደር፣ እንደ ፉትቦል የሚወዱት ነገር ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ከስፒከሩ አጠገብ መጨረሻው ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው አየኋቸውና አብሬያቸው ልቀመጥ ሄድኩ። "ቤንች ላይ፣ ከተቀያሪዎቹ ጋር አስቀመጡኝ" አሉ፣ ትከሻቸው እየሳቀ። ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ቴሌቪዥኑንም ከዚያች ከንፈሬ ከተሰነጠቀባት እሑድ በኋላ አልከፈቱትም። ነጠላ አለበሱት፣ ከሽምግልናው በኋላም ከላዩ ቢጫውን መሐረብ አስቀመጡበት። ችግሩ፣ በጨዋታ ሰዓት ቤት ውስጥ መቀመጥ አለመቻላቸው ነው። ይቁነጠነጣሉ፤ ግድግዳ ሰዓት ያያሉ። ስለዚህ አካፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። የራሳቸውን ደጅ ይጠርጋሉ፣ የእኔን፣ የፊሊፒናዊውን፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ። በረዶ ከሌለ ቅጠል ይጠርጋሉ፤ ቅጠልም ከሌለ የተጠረገውን ይጠርጋሉ። ቡድናቸው ዋንጫ የበላ ዕለት እንኳ አካፋ ላይ ነበሩ። ፊሊፒናዊው ከደጁ ሆኖ ውጤቱን ሊጮህላቸው ሲል ኮፍያቸውን ጆሯቸው ላይ ጎትተው ጀርባ ሰጡት።

"ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው ይሄ?" አልኳቸው አንድ ቀን። "ዶፍ እንኳ ጡረታ ወጥቷል።"

"እኔን ያኔ ማንም ስስፔንድ አላደረገኝም፤ ዘግይቼ ራሴን አደረግሁ። ይህን እገዳ የምታነሣው ሴትዮ ኤድመንተን ናት። ደውዬ ጥፋቱ የኔ ነበር አልኳት። ስላንቺ ነገርኳት፣ ፉትቦልም እንደተውኩ ነገርኳት።"

"ምን አሉዎት?"

"'እሺ' ብላ ዘጋችው።"

"ታዲያ እንደገና አይደውሉም?"

"ምን ልበላት? አሁንስ ይበቃኛል ወይ? ይሄ እኮ መልሶ ጉልበት መሳም ነው።" አካፋቸውን አንሥተው ሄዱ።

ባለፈው እሑድ እንግዲህ ለቅሶ ቤት የሆነው ያ ቤዝመንት ነው። ወንበሮቹን ከቤተ ክርስቲያን ያመጣው ዳንኤል ነው፤ ራሳችንን ነቅንቀን ሰላም ተባብለን አለፍን። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ መጥቶ ግጥም ብሏል። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ጥቁር የለበሱ ቀጭን ሴት በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። አቶ በላይነህ አይተው ደነገጡ፤ በዚህ እትዬ አልማዝ መሆናቸውን አወቅሁ። ከኤድመንተን ብቻቸውን ነድተው ነው የመጡት።

የት ይቀመጡ? ከሐዘንተኛው ረድፍ ነው ወይስ ከአስተዛዛኙ? ማንም አላወቀም፤ ሁሉም ሰው ምንጣፉን አየ። እኔ ከጎኔ ቦታ ለቀቅሁ። መጥተው ተቀመጡ። ዓይናቸው ነጠላ የለበሰው ቴሌቪዥን ላይ ነበር።

"ሂሩት ማለት አንቺ ነሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"እኔን ሁለቴ አስታረቁኝ" አሉ። "ማንም አልመለስም በይ ያለኝ አልነበረም።" እጃቸውን ያዝኩ። አልነጠቁኝም።

ትንሽ ቆይተው፣ "ያ ቡድኑ ዛሬ ይጫወታል?" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ። ሳይጀምር አይቀርም።"

ተነሡ። ሰው ሁሉ እያያቸው ቴሌቪዥኑ ዘንድ ሄደው ቢጫውን መሐረብ አነሡና አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ነጠላውን ገፈፉ።

"ወይዘሮ አልማዝ" አሉ አቶ በላይነህ፣ "ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ነውር ነው።"

"ነውሩን አውቀዋለሁ፣ አቶ በላይነህ። እርስዎ እራት የበሉበት ቤት ነው።"

አቶ በላይነህ ቁጭ አሉ። ዳንኤል ሪሞቱን ከመደርደሪያው ፈልጎ አመጣና፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ በሁለት እጁ አቀበለኝ። እኔ አመነታሁ፤ የሞቱት ሰው ፎቶ ከፊት ለፊቴ ነው፣ ሻማው እየነደደ ነው።

እትዬ አልማዝ ወንበራቸውን ጎትተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

"ክፈቺው፣ ልጄ" አሉኝ። "ቅጣቱን ጨርሷል።"